ኪሎው ያው ኪሎ ነው

ሴቱባል ወደብ ላይ ዓሣ እመዝናለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከአንዲት ሚዛን ጋራ ስንፋጠጥ ኖሬአለሁ።
ወንድሜ ሲልቬርዮ፣ ባሌ አደሊኖ፣
የሁለቱም ሆድ እንደ ቦካ ሊጥ ከቀበቶ በላይ ገንኖ፣
ሐኪሙ በአንድ ሳምንት «ቀንሱ» ብሎ ላካቸው፤
እንዴት የሚለውን ግን ለእኔ ማዕድ ቤት ተወላቸው።

ሲልቬርዮ የጀልባ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ቁጥር ነው ሃይማኖቱ፦
«ከኬክ መጣ ከጎመን፣ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ ያው ነው፣ ይኸው ነው እውነቱ!
ሆድ ዓይን የለውም፤ መደመርና መቀነስ ነው ትምህርቱ።»

ባሌ የመርከብ ሞተር ይጠግናል፤ እጁ ከግራሶ አይጠራም፤
«ውኃ የገባበት ናፍጣ፣ በሊትር ሲሰፍሩት አያንስም፤
የሚያውቀው ሞተሩ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ተወራረዱ። ዐሥር ሳምንት፤ ለሁለቱም እኩል ቁጥር፤
የተረታው ብቻውን የጋራ ጀልባቸውን ሊፍቅ፣ ሊቀባ፣ ሊያሳምር።
ዳኛዋ እኔ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያው ሳይከፈት በፊት፣
እንደ ሁለት ቱና ይወጣሉ፣ በካልሲ፣ በረዶ ባራሰው ብረት፤
ወንድሜ ትንፋሹን ይውጣል፣
የተዋጠ ትንፋሽ የሚያቀል ይመስለዋል።

ቃሉን ጠበቀ፣ አይታማም፦ ጠዋት ሁለት የክሬም ኬክ፣
ረፋዱ ላይ ብስኩት፣ ቀጥሎ ቸኮሌት በግራም ልክክ፤
ስልኩ ላይ ይመዘግባል፣ ፍርፋሪ እንኳ አያመልጠውም፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሩ ይሞላል። ቀኑ ግን አይሞላም።

አደሊኖ ሰርዲኑን በፍም ጠብሶ፣
የጎመንና የባቄላ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ደግሶ፣
ብርቱካኑን ልጦ፣ የትናንት ዳቦውን በሾርባው አርሶ፣
ይበላል፣ ይበላል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው፣ ከወንድሜ እኩል ደርሶ።
መልአክ ነበር አልልም። በስድስተኛው ሳምንት፣
ሲልቬርዮ የረሳውን ኬክ ቆሞ ሲያሸት ደረስኩበት፤
«ማሽተት ስንት ካሎሪ ነው?» አለኝ፤
ሳቄ ቀድሞ አመለጠኝ።

ወንድሜ ከበላያችን ይኖራል። ሌሊት እግሩን እሰማለሁ፤
ከአልጋ እስከ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ እስከ መስኮት፣ እኔም መቁጠር ጀምሬአለሁ።
በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምንም አይነካም፤
ረሃቡን ይበላል እንጂ ቃሉን አይበላም።
ትኬት ሲቆርጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መልስ ይሳሳታል፤
ከሽማግሌ ተሳፋሪ ጋር በአንድ ሳንቲም ይጣላል።
ኪቴርያ፣ የሰባት ዓመት ልጁ፣ ሥዕሏን ይዛ መጣች፤
«ቆይ!» ብሎ ጮኸባት። ሥዕሉን አጥፋ፣ አጥፋ፣ ወደ እኔ ወረደች።
ያቺ ማታ በየትኛው ረድፍ ተጻፈች?

ዐሥረኛው ቅዳሜ። ባሌ ሰባት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ቀነሰ፤
ወንድሜ ሰባት ከሁለት መቶ። ልዩነቱ አንዲት ሰርዲን አልደረሰ።
«አየሽ?» አለኝ ሲልቬርዮ፣ «ሒሳብ ነው፤ ነግሬሽ ነበር።»
እውነቱን ነው። ሚዛኔ ለወንድምም ለባልም አያደላም፣ ይመስገን እግዜር።
ግን ይህን ብሎ በዓሣ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ፣
ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ሥር እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ፣ እጁ እንደ ዛለ፤
ጥቂት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፦ «ያ ሾርባ ቤት ይኖር ይሆን?» አለ።
ባሌን ብፈልገው የለም። መንገዱን ተሻግሮ፣
ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ ገና ሳይከፈት አንኳኩቶ፣ ተቸግሮ።

ጀልባዋ እስከ ዛሬ አልተቀባችም፤ ማን ይቅባት?
እኔም ፍርድ አልሰጠሁም። ሥራ ነበረብኝ፤ አንዲት ደንበኛ መጣችና ሰላምታ ሰጠኋት።
«ኪሎው ስንት ነው?» አለች። ነገርኳት።
የዛሬው ዓሣና የሰነበተው፣ ሚዛኔ ላይ እኩል ናቸው፤
መርፌዋ አፍንጫ የላትም፣ አትለያቸው።
ሴትዮዋ ግን ቦርሳዋን ሳትከፍት፣ ማንም ምንም ሳይላት፣
ስንጥቡን በአውራ ጣቷ ገለጠች፣ ቀይ መሆኑን ልታይበት።